ከብድሩ በፊት ጉብኝቱ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር እዚህ ቆሜ ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ያልተመለሰ ብድር ይህን ያህል እላለሁ። እናንተም ታጨበጭቡልኛላችሁ፤ ከዚያ ቡና ይፈላል። የዘንድሮው ሪፖርት ታትሞ በእጃችሁ ስላለ ደግሜ አላነበውም። ዛሬ ሰብሳቢያችንን ጊዜ የለመንኳት በብድር መዝገባችን ላይ ስላለ አንድ ዓምድ ለመናገር ነው። ዓምዱ «የብድሩ ምክንያት» ይላል።

ማኅበራችን ብድር የሚሰጠው ለሥራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለጤፍ መግዣ፣ ለበርበሬ፣ ለልብስ ስፌት ማሽን፣ ለሱቅ ዕቃ። ባለፈው ነሐሴና መስከረም የተሰጠውን ብድር ስመዘግብ ግን እጄ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲጽፍ አየሁት። «ለኬጂ ምዝገባ»። «ለኬጂ ዩኒፎርም»። «ለልጅ ሰርቪስ»። «ለሥራ» ብለው ከወሰዱት ውስጥም በኋላ ሲያጫውቱኝ ገንዘቡ የሄደው ወደዚያው የሆነ ነበሩ።

አንዲት እህታችን ፈቅዳልኝ የእሷን ሒሳብ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። አምስት ዓመት የሞላትን ልጇን በግል መዋዕለ ሕፃናት አስገባች። ክፍያው በወር 2,500 ብር ነው፤ ለ10 ወር 25,000 ብር። ምዝገባ 3,000 ብር። ሰርቪስ በወር 1,500 ብር፣ ለ10 ወር 15,000 ብር። ድምሩ 43,000 ብር ይመጣል። ምሳ ዕቃው፣ የበዓል መዋጮው፣ «ለቀለም ቀን» የሚባለው ልብስ ገና አልገባም።

ከማኅበሩ የተበደረችው ለጤፍ ነበር። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ሲሄድ ጤፉን በኩንታል መግዛቷ ቀረና በኪሎ ከባለ ሱቅ መግዛት ጀመረች። በኪሎ የሚገዛ ሁልጊዜ በውድ ይገዛል። ስለዚህ ከእንጀራው የምታገኘው ትርፍ ቀነሰ፤ ትርፉ ሲቀንስ የብድሩ ክፍያ ዘገየ። እኔም ደብዳቤ ጻፍኩላት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለእህቴ ስጽፍ ምን እንደተሰማኝ እኔ አውቃለሁ። ደብዳቤውን ይዛ ቢሮ ስትመጣ የተናገረችውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ታዲያ ልጄን የት ላስገባት?»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን ስመዘግብ አንድም ትምህርት ቤት ገብቼ አላየሁም። ጎረቤቴ «እዚያ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ» አለችኝ፤ በሩ ላይ ደግሞ የሚያምር ሥዕል ነበር። በቃ ከፈልኩ። በሥራዬ ሦስት ዋጋ ሳላወዳድር የጽሕፈት መሣሪያ እንኳ አልገዛም። ለልጄ ግን አንድ ሰው የነገረኝን ሰምቼ ከደመወዜ ሲሶውን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ከቤቴ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት መኖሩን ያወቅኩት ልጄ አንደኛ ክፍል ከገባ በኋላ ነው።

ለምን አላወቅንም? እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን ልጆች ሳለን የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት የሚባል ነገር በየሰፈሩ አልነበረም። ዕድል የገጠመው የቄስ ትምህርት ቤት ሄዶ ሀሁ ቆጠረ፤ ያለው የግል አጸደ ሕፃናት ገባ፤ ሌላው በቀጥታ አንደኛ ክፍል ተመዘገበ። መንግሥት ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ትምህርት በሰፊው ወደ ራሱ ትምህርት ቤቶች ማስገባት የጀመረው በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ነው። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ዜሮ ክፍል» የሚባለው የተከፈተው ያኔ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲም ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ በአጠቃላይ ትምህርት ውስጥ አስገብቶታል። በከተማችን በአዲስ አበባ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያሉ ትንንሽ ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ የደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣቸዋል። ከእኛው አባላት ውስጥ የምገባ እናት ሆነው እዚያ ወጥ የሚሠሩ አሉ። እነሱ እየሄዱ ያበስላሉ፤ እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብለን አልጠየቅናቸውም።

ስለዚህ ባለፈው የካቲት አምስት ሆነን ተነሣን። ሁለቱ የምገባ እናቶች፣ አንዷ ልብስ ሰፊ፣ አንዷ ያቺ እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን፣ አምስተኛዋ እኔ። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠየቅን። በእግር ልንደርስባቸው የምንችላቸውን ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መረጥን። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አየን፤ አንድ ቀን ጠዋት ልጆች ሲገቡ፣ ሌላ ቀን በምሳ ሰዓት። አንድ ዓይነት ወረቀት አዘጋጅቼ ለአምስታችንም አደልኩ። እያንዳንዷ ለብቻዋ ሞላች፤ መጻፍ የማይሆንላት ለልጇ እየነገረች አስጻፈች። የተገናኘነው ሁሉም ከተሞላ በኋላ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻው ያልቆጠረው ገንዘብ ተቆጠረ አይባልምና፣ እኛም እንደ ካዝና ቆጠራ ነው ያደረግነው።

በወረቀቱ ላይ ስድስት ጥያቄ ነበር። አንደኛ፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ አለ? ሁለተኛ፣ መምህርቷ ትንንሽ ልጆችን ለማስተማር ሠልጥናለች ወይ፣ እዚህ ስንት ዓመት ቆየች? ሦስተኛ፣ ሽንት ቤቱና ውኃው እንዴት ነው? አራተኛ፣ ምግቡን ማን ያበላቸዋል፣ እጃቸውን ይታጠባሉ ወይ? አምስተኛ፣ በክፍል ውስጥ የሚያወራው ማን ነው፣ መምህርቷ ብቻ ናት ወይስ ልጆቹም? ስድስተኛ፣ መንገዱና የመውጫው ሰዓት ለእናት ይመቻል ወይ?

ትምህርት ቤቶቹን በስም አልጠራም። እነሱን ለማማት አልመጣሁም፤ ደግሞም ያየነው በዚያን ሰሞን የነበረውን ነው። ባሉበት ቦታ እጠራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ከአስፋልቱ ዳር ያለው ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ከመንግሥት ካልቀረ እሱ ነው» የሚለው። እውነትም ያምራል። ግድግዳው በቀለም ደምቋል፤ ዥዋዥዌና ሸርተቴ አለው። ክፍል ስንገባ ግን በመዝገብ 62 ልጆች አሉ፤ በዚያ ቀን የመጡት 54 ናቸው። አንዲት መምህርት አለች፤ ሞግዚቷ ለሁለት ክፍል አንድ ናት። መምህርቷ ጎበዝ ናት፤ በትምህርቱም ሠልጥናለች። ሆኖም ለ54 ልጅ አንድ ሰው ምን ታድርግ? ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «በሉ!» ትላለች፤ ልጆቹ በአንድ ላይ ይጮኻሉ። ከኋላ የተቀመጡት አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ዥዋዥዌው ደግሞ ልጆቹ ሲጋፉ እንዳይወድቁ ተብሎ በሰንሰለት ታስሯል።

ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ ያለው ነው። ከመካከላችን አንዷ ገና ከውጭ አይታ «ይሄማ ጭቃ ቤት ነው፤ እንመለስ» ብላ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው አርጅቷል። በውስጡ 34 ልጆች፣ አንዲት መምህርትና አንዲት ሞግዚት አሉ። መምህርቷ እዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። መቁጠር የምታስተምረው በቆርኪ ነው። ልጆቹ በአራት ቡድን መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ቆርኪ ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ አለ፤ ግን ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ከላይ እስከ ታች አላስጮኸቻቸውም። እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ የስሙን ፊደል ከገበታው ላይ ፈልጎ ያሳያታል፤ ከዚያ የጓደኛውን። አንድ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «ያንቺ ስም በምን ይጀምራል?» ብሎ ጠየቀኝ። በስድስት ጉብኝት ውስጥ ልጅ እኛን ጥያቄ የጠየቀው እዚያ ብቻ ነው። ጉድለትም አለው። የወንዙ መሻገሪያ እንጨት ነው፤ በክረምት ብቻውን ልጅ የሚላክበት አይደለም። ሽንት ቤቱም ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው።

ሦስተኛው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ነው። ይህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ዜሮ ክፍል ነው። 41 ልጆች አሉ። ርእሰ መምህሩ ጥሩ አድርገው ተቀብለው መዝገቡን ሳይቀር አሳዩን። ምግቡ ከሦስቱ የተሻለ ነው፤ የምገባ እናቶቹ ልጆቹን በስማቸው ይጠሯቸዋል። ሆኖም መምህርቷ የሠለጠነችው ለአንደኛ ደረጃ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል በቅርቡ ነው የተዛወረችው። ስለዚህ የአምስት ዓመት ልጅ ከጠዋት እስከ ምሳ ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል። እረፍት የሚወጡትም ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ነው፤ ትንንሾቹ ከግድግዳው ተጠግተው ይቆማሉ። ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋል። ማጠራቀሚያ ሮቶ የለም። ውኃ በጠፋ ቀን ልጆቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው የሚበሉት።

አምስታችን ወረቀታችንን ይዘን እኔ ቤት ተገናኘን። ከመጀመራችን በፊት «የቱ ይበልጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁን ሁላችንም የአስፋልቱን ነበር የምንለው። ወረቀቶቹን ስንደምር አራታችን የወንዝ ማዶውን አስቀድመን ነበር። አምስተኛዋ፣ ቤቷ ከወንዙ ራቅ ያለውና ሌሊት ተነሥታ ሥራ የምትሄደው እህታችን፣ የጤና ጣቢያውን መረጠች። እሷም ትክክል ናት። ጥሩ ትምህርት ቤት ልጅ ሊደርስበት የሚችል መሆን አለበት።

ከዚህ የተማርኩትን በሒሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። ድምር ይደብቃል። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ይመዘናሉ፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይሰጣቸዋል፤ ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ ያገኘ መስፈርቱን አሟልቷል ይባላል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ርእሰ መምህሩን «ደረጃችሁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ግን በዚያ አታቁሙ። ምዘናው ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ተብሎ የተከፋፈለ ነው። «ዝቅ ያደረጋችሁ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕንፃና ሮቶ ግብዓት ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ይስተካከላል። መምህርቷ ከልጁ ጋር የምትውልበት መንገድ ግን ሂደት ነው፤ ቀለም በመቀባት አይመጣም። እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት የምንመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በቀለሙ ነው።

ስለ እንግሊዝኛውም አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙዎቻችንን ወደ ግል የሚወስደን እሱ ነውና። የአምስት ዓመት ልጅ መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ መናገር፣ መጠየቅ፣ ተረት ሰምቶ መልሶ መተረት ሲችል ሌላውን ቋንቋም ለመቀበል ይቀለዋል። የእኔ ልጅ ኬጂ ሳለ የፍራፍሬ ስም በእንግሊዝኛ ይደረድር ነበር። «ዛሬ ምን አደረጋችሁ?» ስለው ግን የሚነግረኝ አልነበረውም። ያኔ ይህ አላሳሰበኝም። አሁን ሳስበው መጠየቅ የነበረብኝ ስለዚህ ነበር።

የግል ትምህርት ቤት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጥሩ የሆነ አለ፤ አቅሙ ያላት ትላክ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ያላየነውን ነገር ሸሽተን ለሌላ ላላየነው ነገር ስንበደር ኖረናል። የሥራ ገንዘባችንን የበላውም ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አልወርድም። አብራን የዞረችው ልብስ ሰፊዋ እህታችን ዘግይቶ መናገር የጀመረ ልጅ አላት። በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት «ሌሎቹን ወደ ኋላ ይጎትትብናል» ተብላ ልጁን ይዛ ተመልሳ ነበር። ወንዝ ማዶ ስንሄድ ልጁ አብሮን ነበር። መምህርቷ ቁጢጥ ብላ ዓይኑን እያየች ቆርኪ በእጁ ሰጠችው። ምንም አላለም፤ ግን ሄዶ ከልጆቹ መካከል ተቀመጠ። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። በወረቀቴ ላይ ለዚህ የሚሆን ጥያቄ አላስገባሁም ነበር። አሁን ሰባተኛ ጥያቄ አለን፤ «ለየት ያለ ልጅ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?»

እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችንም ልጇን ለመጪው መስከረም ወንዝ ማዶ ለማስገባት ወስናለች። የ43,000 ብሩ ዓመት አለፈ። ቀሪ ብድሯን በስድስት ወር ከፍላ ለመጨረስ ተስማምተናል፤ ጤፍም እንደገና በኩንታል ለመግዛት አስባለች።

አሁን ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ምዝገባ ሳይጀመር፣ ግንቦት ላይ፣ ሦስት ሦስት እናቶች በአቅራቢያቸው ያሉትን የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ይጎብኙ። ወረቀቱን እኔ አባዛለሁ። ስሄድ ከማን ጋር፣ ምን ብዬ ብላችሁ አትፍሩ፤ ለብቻ የሄደች እናት በር ላይ ትቆማለች፤ ሦስት ሆነው የሄዱ ወንበር ይቀርብላቸዋል። የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድና የነዋሪነት መታወቂያም ከአሁኑ አዘጋጁ፤ እኛን በየሄድንበት የጠየቁን እነዚህን ነው።

ሁለተኛ፣ ለኬጂ ክፍያ ብድር የምትጠይቅ አባል አትከለከል። ነገር ግን ብድሩ ከመጽደቁ በፊት ቢያንስ ሁለት ትምህርት ቤት አይታ የሞላችውን ወረቀት ታያይዝ። ለስፌት ማሽን የዋጋ ማቅረቢያ እንጠይቅ የለም? ይህም እንደዚያው ነው። ለሥራ የተወሰደ ብድርም ለሥራ ይዋል፤ ካልሆነ በግልጽ እንነጋገር። ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፊት መነጋገር ይሻላል።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። በየመስከረሙ ለልጆቻችን ደብተርና ቦርሳ ታመጡልናላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን ግን ደብተርና የደንብ ልብስ ከከተማው አስተዳደር ይሰጣል። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ላሉት 41 ልጆች አንድ ሮቶ ከነማቆሚያው ብታስተክሉልን እጃቸውን ታጥበው ይበላሉ። ከወንዙ ማዶ ላሉት ለትንሽ ልጅ የሚሆን የሽንት ቤት መቀመጫ ቢሠራ ክፍል ውስጥ የሚያመልጣቸው ይቀንሳል። ለአስፋልቱ ዳር ትምህርት ቤት ደግሞ ዕቃ አንጠይቅም። እሱ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ሰው ነው፤ ይህን ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጋር ሆነን ወረዳውን እንጠይቃለን። ርእሰ መምህሩም ራሳቸው «ጻፉልኝ፤ ከእናንተ ሲመጣ ይሰማል» ብለውናል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ ነበር። እኛም ከመክፈላችን በፊት እንይ።

ወረቀቱ በር ላይ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። አሁን ቡናው ይምጣ።